የኮምቢው ኦሪጅናል ቀለም

ልደታን ከዳር እስከ ዳር ብትጠይቁ፣ ስለ አሮጌ መኪና ከእኔ ወዲያ የሚያውቅ የለም። ይህን ምስክርነት የሰጠሁት ራሴ ነኝ።

«ኦሪጅናል» የምትባል በሽታ የያዘችው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴን አሸናፊን ይዛዋለች። ሟች አባቱ የትምህርት ቤት ሰርቪስ አድርገው ይነዱት የነበረውን ኮምቢ፣ ያንን የድሮ ቮልስዋገን ሚኒባስ፣ ዝገት በልቶት አገኘውና ገዝቶ ጌጃ ሰፈር ጋራዥ አስገባው። ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ምሳ የለ፣ እረፍት የለ፤ ለአንዲት ብሎን መርካቶን ሰባት ጊዜ ዞሯል። ሐሳቡ ለእናቱ ሳይነግር ድንገት በራቸው ላይ ሊያቆምላቸው ነበር።

የቀረው ቀለሙ ብቻ ሆነ። መኪናው ሲሸጥ እሱ ገና ሕፃን ስለነበር አያስታውሰውም። ዝገቱ ጥፍር የምታክል የቀለም ምልክት አላስቀረም፤ የተረፈው ፎቶም ጥቁርና ነጭ ነው።

«አንተ ተማሪ ሆነህ ተሳፍረህበታል አይደል? ቀለሙ ምን ነበር?» አለኝ።

«ቡናማ» አልኩት፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ምስክር ደረቴን ነፍቼ። «ዓይኔን ብጨፍን ይታየኛል።»

ተቀባ። በራቸው ላይም ቆመ። እናቱ ወጥተው ዞር ዞር ብለው አዩት።

«የማን መኪና ነው ልጄ?»

«የአባዬ ነዋ እማዬ፣ ኦሪጅናሉ።»

«የአባትህማ ሰማያዊ ነበር» ብለው ገቡ።

አሸናፊ ወደ እኔ ዞረ። መሬት መሬቱን እያየሁ እውነቱን ነገርኩት። በዚያ መኪና አንድም ቀን ተሳፍሬ አላውቅም፤ እኛ ቤት ለሰርቪስ አቅም አልነበረም። ሁልጊዜ ያየሁት ከኋላው እየሮጥኩ ነው። ቡናማ ያልኩት አቧራውን ነው።