ከሱሪ ጋር የተሰፋ ቀሚስ

ወንድ መርፌ ይዞ ሲያይ የሚስቅ ሰው ካጋጠማችሁ አትቆጡት፤ የለበሰውን ማን እንደሰፋለት ብቻ ጠይቁት። በጃንሆይ ጊዜ እኛ ጋይንት ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሰፋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የስፌት መኪና አርብ ገበያ ከመድረሱ በፊት ባል ማለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ ሲመለስ ደግሞ የሚስቱን ቀሚስ የሚሰፋ ሰው ነበር። ሴት ልጅ ስትታጭ "ያርሳል ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል፤ ቀጥሎም "ይሰፋል ወይ?" የኔውን ሰውዬ ሁለተኛውን የጠየቀው አልነበረም።

አባቴ ሲድሩኝ ግን ምለዋል። "ለፋሲካ የአክፋይ ሙክት ይዛችሁ ስትመጡ ልጄን ቡትቶ ለብሳ ካየሁ አስቀራታለሁ!" አባቴ ማሉ ማለት ማሉ ነው። እኔ ደግሞ ባሌን ወድጄዋለሁ። ደግ ነው፣ ሳቂታ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ እጁ ለመርፌ አልተፈጠረም።

ጾሙ ሲጋመስ የገዛልኝን አቡጀዲ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተያያዘው። ሰፋ፣ ሰፋ፣ ላቡ ጠብ እስኪል ሰፋ። "ጨረስኩ!" ብሎ ብድግ ሲል ቀሚሱም አብሮት ተነሣ። ከሱሪው ጋር ሰፍቶታል! እሱ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ኖሯል?

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም፣ የቆሎ ተማሪ ሳሉ የራሳቸውን ልብስ እየሰፉ ያደጉ ሰው ናቸው። ግን ምራት አማቷ ፊት ተሸፋፍና ታልፋለች እንጂ አትናገርም፤ እሳቸውስ የምራታቸውን ወገብ እንዴት ብለው ይለኩ? ነውር ነው። ታዲያ አሮጌ ቀሚሴን አጥቤ አጥር ላይ ባሰጣ፣ አጥር የሚጠግኑ መስለው በስንዝር ሲለኩት በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ለሆሣዕና ዋዜማ አዲሱ ቀሚስ ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል። እሳቸውም ወደ ምሰሶው ዞረው፣ "ልጄ ሰፍቶ ጨርሷል" አሉና ወጡ። ምሰሶው ዝም አለ፤ እኔም።

በፋሲካ ሙክታችንን እየጎተትን አባቴ ቤት ገባን። አባቴ ቀሚሴን ከአንገቱ እስከ ዘርፉ ዳሰሱ፤ የብብቱን ስፌት ገልብጠው አዩ።

"አንተ ነህ የሰፋኸው?" አሉት ባሌን።

ባሌ መሬት መሬት እያየ፣ "አይደለም አባባ፤ እኔ የሰፋሁትማ ከሱሪዬ ጋር ነበር። አባቴ ናቸው" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ብቻ አልሳቁም።

"አስቀራለሁ ብያለሁ፣ አስቀራለሁ!" አሉ። "የምትቀረው ግን አንተ ነህ!"

በዓል ነውና የትንሣኤ ሳምንት እስኪወጣ መርፌ አይነካም። ሲወጣ ባሌ አባቴ እግር ሥር ተቀምጦ ክር ሲያስገባ ትቼው ብቻዬን ተመለስኩ። አማቴ ደጅ ላይ ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ወጉንም ረስተው፣

"ባልሽስ?" አሉኝ።

"ተማሪ ቤት ገባ" አልኩ፣ ቀና ብዬ፣ ሳልሸፋፈን። "እርስዎ ግን አባባ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።"