በየጠዋቱ ያወጅኩት ቤት

ድሮ የኛ ሰው ያሰበውን አይናገርም ነበር። መሬት ሊገዛ ማልዶ የተነሳውን ሰው «ወዴት ነው?» ብትሉት «እዚሁ ነኝ» ብሏችሁ ያልፋል። ልጁን ሊድር ቀን መቁረጡን ጎረቤት የሚያውቀው ድንኳን ሲተከል ነው። ዓይን ይፈራል፣ ምቀኛ ይፈራል፤ ከሁሉ በላይ ግን «ሳይሆን ቢቀርስ?» ብሎ ይፈራል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ያሰባችሁትን ካልተናገራችሁ እንዳላሰባችሁ ነው የሚቆጠረው። ከልጅ እስከ አዋቂ «ራዕይህ ምንድን ነው?» እያለ ያፋጥጣችኋል። ጥንት ራዕይ የሚያዩት ቅዱሳን ነበሩ፤ አሁን የመዝገብ ቤት ሠራተኛም እንዲያይ ይገደዳል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው እኔ ነኝ።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ መሥሪያ ቤታችን ራስን ስለማሳደግ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጠን። አሠልጣኙ ነጭ ጫማ ያለ ካልሲ የተጫማ፣ መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ ወጣት ነበር። «ቀን ያልተቆረጠለት ግብ ወሬ ነው» አለን። ግባችሁን ጻፉ፣ ቀን ቁረጡለት፣ ከዚያ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ አውጁት አለ። እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አይማርከኝም፤ የዚያን ቀን ግን፣ አልዋሻችሁም፣ ሆዴ ባባ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰው ፋይል ሲጠፋበት ብቻ የሚያስታውሰኝ ሆኜ እንዳልቀር ከፈራሁ ቆይቻለሁ። ወረቀቱን ተቀበልኩና «ጥር ሳያልቅ በራሴ ቤት እኖራለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በምን አቅም እንደሆነ አሠልጣኙን ብጠይቀው «እንዴትን ተወው» አለኝ። ተውኩት።

የምንኖረው ቡራዩ ነው። የከተማው ኪራይ አላስቀምጥ ሲለን ወጥተን፣ ከኦቦ ቱሉ ግቢ ሁለት ክፍል ከተከራየን አራት ዓመት ሆነን። ኦቦ ቱሉ አካባቢው ማሳ ሳለ እዚያው ያረሱ፣ አሁን ከእርሻው ሁለት ላሞችና እኛ ተከራዮቻቸው የቀረንላቸው ሽማግሌ ናቸው። የእኛን መኝታ ክፍልና የእሳቸውን ሳሎን የሚለየው ኮምፔርሳቶ ነው፤ ያውም ስሱ። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኛ በዚህ በኩል «ይማርዎት» እንላለን፤ ከማዶ «ያኑራችሁ» ይላሉ። ይህን እያወቅኩ በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስታወት ፊት ቆምኩና «ጥር ሳያልቅ በራሴ ቤት እኖራለሁ!» አልኩ፤ ሦስት ጊዜ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ ሳበች። «አንተ ቤት የምትሠራው በአፍህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ለማያምን ሰው መልስ አትስጡ ተብለን ስለነበር መልስ አልሰጠኋትም። ጥቅምትንና ኅዳርን እንዲህ ሳውጅ ባጀሁ።

በታኅሣሥ አንድ እሁድ ኦቦ ቱሉ ግቢው ውስጥ ድርቆሽ እያራገፉ ጠሩኝ።

«አከም ቡልቴ ደረጀ። ልጄ፣ የቤትህን ነገር ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«ከማን ሰሙ ኦቦ?»

«ከአንተው ነዋ! በየጠዋቱ እኮ ነው የምሰማው። ጋሪዳ! በጣም ጥሩ ነው።»

ከዚያ የልጃቸውን የጫልቱን ነገር አነሱ። ጫልቱ ያገባችው ከጫንጮ ወዲያ፣ መኪና የማይደፍረው ገጠር ነው። የመጀመሪያ ልጇን መንገድ ላይ አጥታዋለች። አሁን የካቲት ላይ ልትወልድ ነው። አባት ዘንድሮ ልጄ ጤና ጣቢያ አጠገብ፣ ከእኔው ዘንድ ሆና ትወልዳለች ብለዋል። ክፍል ግን የለም። «ሁለቱን ክፍል ልለምንህ ስንት ጊዜ ደጃፍህ ደርሼ ተመለስኩ» አሉኝ። «ልጆችህ ተማሪዎች ናቸው፣ እንዴት ውጣ እለዋለሁ? አፈርኩ። አምላክ ግን በአንተው አፍ ገላገለኝ። ለጫልቱም ነግሬያታለሁ፤ እቃዋን እየሸከፈች ነው።»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። «ኦቦ፣ ኧረ ቤት የለኝም» ማለት። ይህን ያህል አጭር ነገር ነው። ከአፌ የወጣው ግን «እንኳን ደስ አለዎት» ነው። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እሳቸውን ስንት ጊዜ ከደጃፌ ከመለሰ፣ እኔን ምን እንደሚያደርገኝ እናንተው ገምቱ።

ማወጁን አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮምፔርሳቶው ተንኳኳ።

«ደረጀ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ ኦቦ።»

«ድምፅህ ጠፋብኛ!»

ምን ላድርግ? ተነሳሁና አወጅኩ። ሦስት ጊዜ። ጥሩወርቅ ብርድ ልብሱ ውስጥ ስትንፈቀፈቅ ሰማኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሌለኝን ቤት ለሽማግሌ ጎረቤቴ ደኅንነቴን ለማሳወቅ ስል በየጠዋቱ አውጃለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏችኋል እንዲህ ያለው ነው። ምሰሶ ላይ የተለጠፈ «የሚከራይ ቤት» ባየሁ ቁጥር አነባለሁ፤ ዋጋውን ሳይ ስልክ ቁጥሩን እንዳላየሁ ሆኜ አልፋለሁ። ቢሮ የአንዱን ፋይል ከሌላው እያጋባሁ ሁለት ጊዜ ተቆጡኝ። ማታ እራት ላይ ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ የራሳችን ቤት ውሻ ይኖረዋል?» አለችኝ። እሷም ከነእህቷ ስትሰማኝ ኖሯል።

ጥምቀት አለፈ፤ ጥር ሊጋመስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጨከንኩና ወደ ላሞቹ በረት ሄድኩ።

«ኦቦ፣ እኔ ቤት የለኝም» አልኳቸው።

ድርቆሹን እንደታቀፉ ቀሩ። «ታዲያ ጠዋት ጠዋት የሚናገረው ማነው?»

«እኔው ነኝ። ሥልጠና ነው ኦቦ። እንዲህ ብትሉ ይሆናል ብለውን ነው።»

«ለማን ነው የምትለው?»

«ለ...መስታወት።»

ላሟ ድርቆሹን ከእጃቸው እየመዘዘች ትበላለች፤ አላስተዋሏትም።

«ለዋቃ የምትለው መስሎኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ በወዲያ በኩል አሜን እልልህ ነበር።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሦስት ወር በላይ ፂሜንና የደበዘዘ መስታወቴን እያየሁ ስጮኽ፣ አንድ ሽማግሌ በባዶ ሆዳቸው ተነስተው አሜን ሲሉልኝ ነበር። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። አልተቆጡም። «በቃ፣ እንግዲህ እዚያው ሁኚ እላታለሁ» አሉና ወደ ላሟ ዞሩ። ቁጣ የሌለበት አነጋገራቸው ነው የጨረሰኝ። ያ መኪና የማይደፍረው መንገድ ዓይኔ ላይ መጣ። ሁለቱ ልጆቼ ሲወለዱ እኔ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ስጨነቅ፣ ሐኪም ከውስጥ ነበር።

«አይሏትም» አልኳቸው። «እኛ እንወጣለን።»

ይህን ስል ወረቀትም፣ መስታወትም አልነበረም። ለጥሩወርቅ ስነግራት «እቃ ማሠሪያ ገመድ አምጣ» አለች። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከደላላ ደላላ ስንንከራተት ሰበታ ሁለት ክፍል አገኘን። ለቢሮዬ ይርቃል፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ደግሞ ገና ደጅ እየጠናሁ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ከኪራይ ወጥተን ኪራይ ገባን። የሆነ ሆኖ ያ ሁሉ ጩኸት ያላነቃነቀውን እግሬን የአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጭንቀት ነቅንቆ ሰበታ አደረሰው።

የወጣንበት ቀን ጥር ሃያ አራት ነው። አይሱዙው በር ላይ ሲቆም የሰፈሩ ሰው ወጣ። «እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ!» አሉን። አንዷ ጥሩወርቅን እያቀፈች ታለቅሳለች፣ በደስታ። ዞር ብዬ ኦቦ ቱሉን አየኋቸው። እሳቸው ላሞቻቸውን ያያሉ። ለካ እውነቱን ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ተከራያቸው ተሸማቆ እንዳይወጣ ብለው የራሱ ቤት እየገባ ነው ብለው አስወርተዋል። በዕድሜያቸው ዋሽተው የማያውቁ ሰው ለእኔ ሲሉ ዋሹ። ጎረቤቶቹ ተዋጥተው የገዙትን ትልቅ የብረት ቁልፍ «ለግቢያችሁ በር» ብለው አስታቀፉኝ። «ምርቃቱ መቼ ነው?» ሲሉ ኦቦ ቱሉ ቀደሙኝ፤ «እስኪደላደል ተዉት እንጂ፣ ይጠራችኋል» አሏቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጠጋ አሉኝ።

«ያልኩትን አሜን አላነሳውም» አሉኝ በሹክሹክታ። «አንተ ግን ቀን አትቁረጥለት።»

ጫልቱ በሰላም ወለደች፤ ወንድ ልጅ ነው። ደስታዬን መግለጽ አልችልም፣ የራሴ ልጅ የተወለደ ያህል ነው የተሰማኝ። ግን የጎረቤቶቹ ነገር አላስተኛኝም። ባለፈው ሳምንት የቡራዩን እድር የሚያስተባብሩት ሴትዮ ደወሉልኝ። አሥራ አምስት ሆነው ሚኒባስ ሊኮናተሩ ነው፣ ስለ ዳቦው ተነጋግረዋል፣ ቀኑን ብቻ ንገረን አሉኝ። «ለመሆኑ ግቢው መኪና ያስገባል?» ብለውም ጠየቁኝ። የተከራየንበት ግቢ በር ሰው ራሱ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ኔትወርክ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁባቸው።

እውነቱን ልነግራቸው ወስኛለሁ። ይህን ያህል የተከበርኩበትን ሰፈር ዋሽቼ አልኖርም። ትናንት ለጥሩወርቅ ይህንኑ ነገርኳት።

«መቼ ነው የምትነግራቸው?» አለችኝ።

ኦቦ ቱሉ ቀን አትቁረጥለት ብለውኛል።