እሺ ያላልኩበት ፊልም

ዓመቱ 2017 ነው። ወሩ ሐምሌ፤ እዚህ ሰው አገር፣ ሜስኪት ከተማ ላይ ግን ጠብ ያለ ዝናብ የለም። እኔ በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርቤ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ምን ሆነህ ነው አትሉኝም? ፊልም እየሠራሁ ነው።

ከወሎ የመጣሁ ገበሬ ነኝ፤ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ወሬም አላበዛም። ከእኔ አንድ ቃል ማውጣት ጭቃ የያዘው በሬ ከማውጣት ይከብዳል ይላሉ ልጆቼ።

ጥፋቱ የትንሿ ልጄ የዘሃራ ነው። እዚሁ ሪቻርድሰን ከተማ ፊልም ትማራለች። አንድ የቆየ የፈረንጅ አስቂኝ ቲያትር አገኘችና በወሎ ሰው ፊልም ላድርገው አለች። ታሪኩ አጭር ነው። ቁጡ አባት ልጁን ለምትወደው ወጣት አልሰጥም ይላል። ወጣቱ የውሸት ጢም ለጥፎ፣ አትክልተኛ ነኝ ብሎ ይገባል። አባትየው እየጮኸ በዱላ ሲያባርረው ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ተሸውዶ እሺ ይላል። ሰው ይስቃል።

እኔ አልሳቅኩም። የእኛ አገር አባት አይጮህም፣ አልኳት። ሲቆጣ እራቱን ይተዋል፤ ያኔ ቤቱ ሁሉ ይጨነቃል። ደግሞስ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ ባለጢሙን መች ያስገባዋል? እሱን የሚያሸንፉት ሽማግሌዎች ናቸው። በጠዋት መጥተው ደጁ ላይ ይቆማሉ። ተቀመጡ ቢባሉ እሺ ካላሉን አንቀመጥም ይላሉ።

ዘሃራ ሁሉንም ጻፈችው። "ሶ፣ አባ፣ አባትየውን እርስዎ ይሁኑልኛ" አለችኝ። ይህን ያህል ስናገር ሰምታ አታውቅም።

ሽማግሌ የሆኑት ሦስት የመስጊድ ጓደኞቼ ናቸው፤ ሁለት ሹፌሮችና ሼህ እንድሪስ። ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ሼህ እንድሪስ "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሉ። ወረቀቱ ላይ የእኔ ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እሺ።

እኔ ግን "ከዘመድ ልማከር፤ በሳምንቱ ተመለሱ" አልኩ።

ዘሃራ ካሜራውን አቆመች። "አባ፣ እሺ ነው የሚሉት።" ኦኬ አልኳት። እንደገና ቆሙ፤ እንደገና በሳምንቱ ተመለሱ አልኩ። በሦስተኛው አንዱ ሹፌር ሥራ አለብኝ፣ ዳርልንና እንሂድ አለ። በአራተኛው ሼህ እንድሪስ ላባቸውን እየጠረጉ "አንተ ሰው፣ ልጅቷ እኮ የፊልም ናት። ማንን ነው የምትከለክለን?" አሉኝ።

ማንን እንደሆነ አውቃለሁ። ታላቋ ልጄ ሶፊያ እዚህ ያገባችው እኔ ገና አገር ቤት ሳለሁ ነው። ጤፍ እያጨድኩ በስልክ ነገረችኝ። ባሏ ጀማል ጥሩ ልጅ ነው፤ ፎርት ዎርዝ ከተማ ሆስፒታል ይሠራል። ግን ደጄ ላይ ማንም አልቆመም። ለሽማግሌ ብዬ ያስቀመጥኩት አጎዛ ነበረኝ፤ ሰው ሳይቀመጥበት ብል በላው። ሴት ልጅ ያሳደገ አባት ያችን ጠዋት እየጠበቀ ነው የሚያረጀው። ትልልቅ ሰዎች ቆመው ሲለምኑህ ልጅህ ውድ መሆኗን በሰው አፍ ትሰማለህ። እነ ሼህ እንድሪስ በዚያ ሙቀት ቆመው ሲለምኑኝ የፊልም መሆኑ ጠፋኝ። እሺ ካልኩ ደግሞ ይቀመጣሉ፤ ያልቃል።

ይህን ለዘሃራ አልነገርኳትም። ወጥቼ ጀማልን ኮል አደረግኩት። "ሽማግሌ ላክ" አልኩት።

"አባ፣ ልጃችን እኮ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው።"

"ቢሆንም ላክ።"

ሶፊያ ቅዳሜ መጥታ እኔ ጋ አደረች። እሑድ በጠዋት አራት ሽማግሌዎች ከፎርት ዎርዝ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይገባምና ጀማል መኪና ውስጥ ቀረ። የልጅ ልጄ በመስኮት እጇን ታወዛውዝልኛለች። ዘሃራ ካሜራዋን ደግናለች።

"ሶፊያን ለጀማል ብለን መጥተናል" አሉ። ሶፊያ ወጥ ቤት ሆና ስታለቅስ ይሰማኛል።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "ከዘመድ ልማከር፤ በሳምንቱ ተመለሱ" አልኳቸው።

ጀማል ልጁን ይዞ ወደ ፎርት ዎርዝ ተመለሰ። ሶፊያን እስከዚያው አልሰጥም ብዬ አስቀረኋት። ማታ የሠራችውን እራት ጥርግ አድርጌ በላሁ።