አማቴ፣ የሽመላዋ ባል

እናንተ፣ አማታችሁ ሲጨፍሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሠርግ ላይ ማለቴ አይደለም። ሠርግ ላይማ የማይጨፍር ማን አለ! እኔ የምላችሁ በጠዋት፣ ጭቃ ውስጥ፣ ቦት ጫማ አድርገው፣ ለአንዲት ወፍ ሲጨፍሩ ነው። እኔ አይቻለሁ። አይቼም ብቻ አልቀረሁ። ቆይ ግን፣ ከመጀመሪያው ልያዘው፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

አማቴ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ቂርቆስ ውስጥ ግን በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «ቲቸር» ነው የሚባሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። በዚያ አካባቢ አርባ ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ መዳፉ የሳቸውን ማስመሪያ ቀምሷል። ጢማም ሰውዬ፣ መኪና የሚነዳ፣ ሠራተኛ የሚያዝ፣ እሳቸውን መንገድ ላይ ሲያይ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል። እኔ ራሴ ልጃቸውን ካገባሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ፊታቸው እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ አላውቅም።

ታዲያ እኒህ ሴት የእንስሳት ግቢ አላቸው። ላንቻ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከቤታቸው ጋር የተያያዘ። የጀመሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው፤ የቆሰለ እንስሳ አይተው ማለፍ የማይችሉ ሰው ነበሩ አሉ። ዛሬ ኤሊዎች አሉ፣ ጅግራዎች አሉ፣ የምታነክስ ድኩላ አለች። ቅዳሜና እሁድ ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ሥራው የቤተሰቡ ነው። ባለቤቴ ሰብለ ትመግባለች፤ እኔ ደግሞ ካዛንቺስ ካለው ቢሮዬ ስወጣ እየመጣሁ በረት እጠርጋለሁ። ከረባት አስሬ ፋንድያ የጠረግኩበት ቀን ብዙ ነው። እመኑኝ፣ ከስብሰባ ይሻላል።

የግቢው እመቤት ግን ዘውዴ ነች። ባለ ዘውድ ሽመላ። አይታችኋት የማታውቁ ካላችሁ፣ ቁመቷ የሕፃን ልጅ ያህላል፣ እግሯ ዘንግ ነው፣ ጉንጯ ነጭና ቀይ፣ አናቷ ላይ ደግሞ በወርቅ ክር የተሠራ የሚመስል ዘውድ። ድሮ በየረግረጉ ነበሩ። ረግረጉ ሲደርቅና ሲታረስ እነሱም እያለቁ ነው። ዘውዴ ገና ጫጩት ሳለች ክንፏ ተጎድቶ ነው የመጣችው። እትዬ አስካለ በመዳፋቸው እያበሉ አሳደጓት።

በኋላ ወንድ መጣላት። ባሻ አልነው። ስሙ ትልቅ ነው፣ ራሱ ግን ዓይናፋር ነው። ዘውዴ ዞር ብላ አላየችውም! ጠጋ ሲል በመንቁሯ ጠቅ ታደርገዋለች፣ እሱም ማዕዘኑ ውስጥ ገብቶ ይቆማል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ይኼ ግን ጅቡ ሳይመጣ ከሚስቱ የሚሸሽ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የእንስሳት ሐኪማችን ዶክተር ሕሊና መጣች። ወጣት ናት፣ ፈጣን፣ ነገር አታስረዝምም። ዘውዴን ለረጅም ሰዓት ስታይ ቆየችና፣

«ቲቸር፣ ችግሩ ባሻ አይደለም። ዘውዴ ባል አላት» አለች።

«ማነው ባሏ?» አሉ አማቴ።

«እርስዎ።»

እኔ መጥረጊያውን ለቀቅኩት። ዶክተር ሕሊና ግን አልሳቀችም። ጫጩት መጀመሪያ ያጎረሳትን ነው ወገኔ የምትለው አለች። ሽመላ ደግሞ የሚጋባው በጭፈራ ነው። አንገት ይሰብራሉ፣ ክንፍ ይዘረጋሉ፣ ይዘላሉ። «ጠዋት ጠዋት እርስዎን ስታይ አንገቷን የምትሰብረው ሰላም እያለችዎት መሰልዎት? ጨፍሩልኝ እያለችዎት ነው እኮ!»

ፕላኗ እንዲህ ነበር። እትዬ አስካለ ባሻ በሚያይበት ቦታ ቆመው ይጨፍራሉ። ዘውዴ ትከተላለች። ባሻም አይቶ ይጀምራል። ከዚያ እሳቸው ቀስ እያሉ፣ በቃ፣ ከመሀል ይወጣሉ። ጫጩት ከተገኘ አድጎ ረግረግ ውስጥ ይለቀቃል። በዚህ ክረምት ካልሆነ ግን፣ አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሁለቱም ወደ ሌላ ማራቢያ ይወሰዳሉ።

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጨፈረው?» አሉ። ልክ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም እንደሚጠይቅ ሰው።

በማግስቱ በመጀመሪያ እኔ ተነሣሁ። ጎንደሬ ነኝ፤ ትከሻ ነገር ለኛ ተዉት አልኩ። ወረድኩት፣ እመኑኝ ወረድኩት! ዘውዴ ወባ የያዘውን ሰው እንደምታይ ነርስ አየችኝና ጥሬ ለቀማዋን ቀጠለች። ከዚያ እትዬ አስካለ ገቡ። የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ወገባቸው ላይ ሻጡ፣ አጨበጨቡ፣ ጉልበታቸውን አነሱ፣ ጭፈራውን ባገራቸው በጉራጌኛ ለቀቁት። ወይ ጉድ! ወፏ ክንፏን በረገደች፣ ሽቅብ ዘለለች፣ ሣር በመንቁሯ እየነቀለች ወደ ላይ በተነች! ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች የሚባለው እውነት ከሆነ፣ የዘውዴ አገር ከወሊሶ ማዶ ነው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጭፈራ ነው። ዝናብ ሆነ ጭቃ፣ ቲቸር አይቀሩም። በሁለተኛው ሳምንት ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሰብለ ደወለች። ከደስታዬ ብዛት ብድግ ብዬ፣ «ባሻ አንገቱን ሰበረ!» ብዬ ጮኽኩ። አለቃዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝና፣ እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ዘመድህ ነው ወይ አለኝ። ሽመላ ነው ብል ምን ሊለኝ ነው? አንገቴን እኔም ሰበር አድርጌ ፈቃድ ወጣሁ።

ነገሩ ሁሉ በጄ ሲል ታዲያ ያ ቪዲዮ መጣ።

ከግቢያችን አጠገብ ፎቅ አለ። ከበረንዳው ላይ አንዱ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቃቸው፣ ያውም ዘፈን ጨምሮበት። ቂርቆስ በሙሉ አየ። እትዬ አስካለ ከገበያ ሲመለሱ አንድ የድሮ ተማሪያቸው ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ጉልበቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ «ቲቸር፣ ለኛም አንድ ዙር!» አላቸው። ያ በማስመሪያ ይገረፍ የነበረ ልጅ! ቤት ሲገቡ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ክፍላቸው ገቡ። በማግስቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አልወጡም። በሁለተኛውም ቀን አልወጡም።

ዘውዴ አጥሩን ይዛ ስትመላለስ ዋለች። ምግብ እምቢ አለች። ባሻ ወደ ማዕዘኑ ተመለሰ። ዶክተር ሕሊና ስልክ ደውላ፣ እንዲህ ከቀጠለ ክረምቱ ያልፍብናል አለች። ሰብለ እናቷን ለመነቻቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ራሷ ገብታ ጨፈረች፤ ዘውዴ ጀርባዋን ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የአማቴን ቀሚስ ለበስኩ። ሻሻቸውን አሰርኩ። ቦት ጫማቸው አልገባ አለኝ እንጂ ነገሩ ሙሉ ነበር። ገባሁና አጨበጨብኩ። ዘውዴ መጣች፣ መጣች፣ ቀርባ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ከዚያ ጉልበቴን በመንቁሯ ጠቅ አደረገችኝ።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል እትዬ አስካለ ናቸው። በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ።

«አውልቅ» አሉኝ። «ጉልበትህን እንኳ አታጥፍም እኮ!»

ወደ አጥሩ ሲገቡ ቀና ብዬ ፎቁን አየሁ። በየበረንዳው አምስት ስድስት ሰው ስልኩን ደግኖ ቆሟል። በቃ፣ አሁን ይመለሳሉ አልኩ። እሳቸውም አዩ። ቆሙ። ከዚያ አመልካች ጣታቸውን አነሱ፣ ያቺን ክፍል ጸጥ የምታሰኘውን ጣት።

«እናንተ! ስልክ አስቀምጡ! አጨብጭቡ! ወፏ ምት ትፈልጋለች!»

ልንገራችሁ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ስልኩ ሁሉ ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው መላጣ ሰውዬ መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ተማሪያቸው ነበር መሰለኝ፣ ወዲያው ነው እጁ የታዘዘው። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ። ከዚያ የጎረቤቱ ግቢ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ጭብጨባው ይወርዳል፣ አማቴ ጉልበታቸውን ያነሳሉ፣ ዘውዴ ትዘላለች! እኔ በሳቸው ቀሚስ ሆኜ እየጮኽኩ ነው! ድንገት ከማዕዘኑ አንድ ነገር ሽቅብ ተወረወረ። ባሻ! ያ ዓይናፋር ባሻ፣ ክንፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ!

ዘውዴ ዞረች። አየችው። ያኔ ገና ያየችው ይመስል አንገቷን ሰበረችለት።

እትዬ አስካለ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ሁለት። ሦስት። በሩን በቀስታ ከፍተው ወጡ። ወፎቹ ልብ አላሉም፤ እነሱ ጭፈራ ላይ ናቸው። አማቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመው በዝግታ ያጨበጭባሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ዝናብ ይሁን ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

«ልጄን ስድር እንኳ እንዲህ አልሆንኩም» አሉ።

«ሰማሁ እኮ፣ እማዬ» አለች ሰብለ ከኋላ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። ሁለት እንቁላል ተጣለ። ባልና ሚስት ተራ እየገቡ ታቀፉት። እኛ ሁላችን በእግር ጣታችን የምንሄድ ሆንን። እትዬ አስካለ አንድ ወር ገደማ በኩሽና መስኮት እያዩ ከረሙ። ዘውዴ ግን ከዚያ ወዲህ ለሳቸው አንገቷን ሰብራ አታውቅም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ታያቸዋለች። እሳቸውም ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ሰዓታቸውን ያያሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ሰብለ ሮጣ ገባች። ተፈልፍሏል! ሁለቱም! ሁለት ድብልብል የጥጥ ክምር፣ እግራቸው እየተሳሰረባቸው። አማቴ ትዕግሥታቸው እዚያ ላይ አለቀ። እፍኝ ጥሬ ይዘው፣ እንደ ድሮው መዳፋቸውን ዘርግተው፣ «ዘውዴ፣ ልጄ» እያሉ ገቡ። ዘውዴ ክንፏን ዘርግታ ተነሣች። ጣታቸውን እንዴት ብትነክሳቸው ጥሩ ነው! አማቴ በቦት ጫማቸው ጭቃውን እየረጩ ወደ በሩ ሮጡ። ደማቸው ይንጠባጠባል፣ ፊታቸው ግን እንደ ጥምቀት ቀን በርቷል።

«ነከሰችኝ! ነከሰችኝ!» እያሉ ይጮኻሉ።

ዶክተር ሕሊና በስልክ ስትሰማ፣ «ፐርፌክት!» ብላ እሷም ጮኸች። ሰው የማትፈራ ወፍ ልጆቿን ለሰው አሳልፋ ትሰጣለች፤ ይቺ ግን እናት ሆነች አለች።

ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲባል እኔ የውለታ ቢስ ተረት ይመስለኝ ነበር። እትዬ አስካለ ግን ያችን ጣታቸውን በፕላስተር አሽገው፣ ቅዳሜና እሁድ በሩ ላይ ቆመው፣ ለሚገባው ሰው ሁሉ እንደ ዲፕሎማ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ሰውም ያደንቃል።

እኔም ባለፈው እሁድ ቀናሁና ጣቴን በአጥሩ ቀዳዳ ሰደድኩ። ዘውዴ መጣች፣ አየችው፣ ትታው ሄደች። ለካ ለመነከስም አስቀድሞ ማጉረስ ያስፈልጋል።