ስርቻ ያልናት ዳሪሙ

ስርቻ እንግዲህ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ከአልጋው ኋላ፣ አንድ እግር ካልሲ ወድቆ የሚቀርበት ጥግ። ሰው ግን ይህችን ጥግ ከቤት አውጥቶ ለአገር ስም ያደርጋታል። የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ከተማችንን መቱን «ያ ስርቻ» ሲሉ እናኮርፋለን። አኩርፈን ስናበቃስ? ቃሉን ከእኛም ርቃ ላለችው የገጠር ወረዳ ለዳሪሙ እናስተላልፋለን። እንደ እድር ድንኳን ነው፤ ቤት ለቤት ይዞራል።

በዚህ ነገር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባባን የሚስተካከል አልነበረም። ጡረታ የወጡ የመቱ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ታላቅ እህቴ ብርቄ በነርስነት ዳሪሙ ስትመደብ «ልጄን ስርቻ ወረወሩብኝ» ብለው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ከዚያ በየቢሮው ደጅ ሲጠኑ ከርመው የዝውውር ደብዳቤ አወጡላት። እሷን አልጠየቋትም። ከስርቻ መውጣት ማን ይጠላል?

ደብዳቤውን ሊሰጧት ሲነሡ አብሬያቸው ሄድኩ። ክረምት ነበርና መኪናውን ጭቃ ያዘው፤ የቀረውን መንገድ በእግር ተያያዝነው። አባባ በየዳገቱ ቆም እያሉ «አሁን ይኼ አገር ነው?» ይሉኛል።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ብርቄ ምጥ የያዛት ሴት እያዋለደች ነው ተባልን። የወላዷ እናት ከተቀመጡበት አግዳሚ ላይ እኛም ተቀመጥን። ብዙ ቆየን። የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ ሴትዮዋ እልልታቸውን አቀለጡት። አባባ የማን አባት እንደሆኑ ሲሰሙ ደግሞ ሁለት እጃቸውን ጥርቅም አድርገው ያዟቸው።

«ገለቶማ» ብለው አመሰገኗቸው፤ ቀጥለውም በአማርኛ፣ «እዚህ የሚመጣ ነርስ ሁሉ መሄጃውን ነው የሚጠይቀው። እርስዎ ግን ልጅዎን ሰጡን።»

አባባ ደብዳቤው ያለበትን የደረት ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ።

ብርቄ እጇን ታጥባ መጣች፤ ደብዳቤውን አነበበችና አጣጥፋ መለሰችላቸው።

«ደክመውልኛል አባባ። ግን መቼ ልውጣ አልኩዎት?»

«አላልሽም» አሉ፤ ደብዳቤውንም ወደ ኪሳቸው መለሱት። በማግስቱ ወደ መቱ ተመለስን።

በዓመቱ ለፋሲካ ዶሮው ቀርቦ አባባ ጠፉ። ስንጨነቅ አርፍደን ስልክ ደወሉ። ዳሪሙ ናቸው።

«ብርቄ ተረኛ ናት፤ ብቻዋን እንዳትፈስክ ብዬ ነው» አሉ። ከኋላቸው ሳቅና ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ከልባቸው አዝነውልን፦

«እናንተ ግን እዚያ ምን ታደርጋላችሁ?»