ሪዜን የተላጨሁ ዕለት

ሰው ሰውን የሚያውቀው በምኑ ነው ብትሉኝ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «በመልኩ ነዋ! ሌላ በምን ሊያውቀው ኖሯል?» ብዬ በሳቅኩባችሁ ነበር። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል፤ አለቀ። አሁን ግን እንጃ። ማየት የዓይን ብቻ ሥራ አይደለም ከተባልኩ ወዲህ፣ ነገሩ መውጫው እንዳመለጠኝ አውራ ጎዳና ሆኖብኛል፤ ከከተማችን ሰሜን ወዳለው ኩን ራፒድስ ስል ምሥራቅ ያለው ዉድበሪ እደርሳለሁ።

የልጄ ልጅ ሊያ ኦቲዝም አለባት። እናቷ ሳባ ኤደን ፕሬሪ ባለ መጋዘን ውስጥ ስለምትሠራ፣ ሊያን ከትምህርት ቤት ፒክ የማደርጋት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ሽበቱ ቢያናድደኝ፣ ከጉርምስናዬ ጀምሮ አብሮኝ የኖረውን ሪዝ ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት። መስታወት ፊት ቆሜ «ይሄ ደግሞ ማነው?» አልኩ። ለቀልድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሊያ አየችኝና ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ሊዬ፣ ነይ እንሂድ» ብላት ባሰባት፤ በማታውቀው ፊት ላይ የምታውቀው ድምፅ ሲመጣባት ጆሮዋን ደፍና ማልቀስ ጀመረች። አስተማሪዋ መሀላችን ገብታ መታወቂያ ጠየቀችኝ። መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ። ፎቶው ላይ ያለው ሪዛም ሰውዬ እኔን አይመስልም!

ሊያ ቀስ ብላ ቀረበች። ዓይኔን ሳይሆን የፊቴን ጎንና ጎን አየችና በእንግሊዝኛ ፈረደች፦

«ጆሮው የአያቴ ነው። ሰውዬውን ግን አላውቀውም።»

ሳባ ዘንድ በቪዲዮ ተደወለ። እኔን ስታይ ሳቋ አመለጣት፤ የልጇን ለቅሶ ስትሰማ ግን ሳቋን ገታች። «አባባ ነው የኔ ቆንጆ፤ ሪዙን ብቻ ነው የተላጨው» ብላ አግባባቻት። ሊያ መኪናው ውስጥ ገብታ እስከ ቤት ድረስ ጆሮዬን ስታይ መጣች። እኔም ጆሮዬ እንዳይሰወርባት አንገቴን ሳላዞር ድራይቭ አደረግሁ።

በሊያ የሐኪም ቀጠሮ ቀን ዶክተሯን ጠየቅናት፤ ሳባ ተረጎመችልኝ። ዓይን የሚያመጣው ቁርጥራጩን ነው አለች፤ አፍንጫውን፣ ጆሮውን፣ ሪዙን። ገጣጥመው ሰው የሚያደርጉት የአንጎል ክፍሎች ናቸው፤ እርስ በርስ እየተነጋገሩ። የሊያ አንጎል የመነጋገሪያ መስመር ለየት ብሎ ተዘርግቶ ይሆናል፤ ዝርዝሩ ይጎላባታል።

«ተበጥሷል ማለት ነው?» አልኩ።

«አይደለም።»

«በዝቷል?»

«አንዱ ጋ በዝቶ፣ አንዱ ጋ አንሶ ሊሆን ይችላል። እኛም ገና እያጠናነው ነው።»

እሷ ገና ከሆነች እኔማ መቼ ሊገባኝ ነው! ልጠይቃት ፈልጌ ያፈርኩት ግን ሌላ ነበር፦ ይህች ልጅ እስከዛሬ የወደደችው እኔን ነው ወይስ ሪዜን?

በሳምንቱ ከሊያ ጋር ሱቅ ገብተን ሳለ አንድ ሰውዬ «አንተ! አለህ እንዴ!» ብሎ ተጠመጠመብኝ። ሳመኝ፤ ሳምኩት። ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅሁት። እሱም ወንድሜ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ወንድም የለኝም። «ደህና ነው፤ እግዜር ይመስገን» አልኩት። በደስታ ተለያየን።

«ማነው?» አለች ሊያ።

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ሳምከው?»

ዶክተሯን ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። ቀጠሮው የሊያ እንጂ የኔ አይደለም።