የጋሽ ደምሴ ሁለት ምልክቶች

እምቢ ማለት የማይችል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር ያለው ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ እንደዚያ ነው። ሰሞኑን ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥበት ስለሆነ፣ ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ታክስ ይጨመር የሚሉት መጥተው ደጁ ሣር ላይ "ደግፉ" የሚል የቅስቀሳ ምልክት ተከሉ፤ የማይፈልጉትም መጥተው ከጎኑ "ተቃወሙ" የሚል ተከሉ። ሁለቱንም ሻይ አጠጥቶ ሸኛቸው።

"ታዲያ ድምፅህን ለየትኛው ልትሰጥ ነው?" አልኩት።

"ሁለቱም ደህና ሰዎች ናቸው።"

ታክሱ ካላለፈ የልጅ ልጁ የምትሄድበት አውቶቡስ እንደሚቀር ግን ያውቃል። ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆመን ሳለ ቢጫዋ አውቶቡስ ከጉም ውስጥ እንደ ሕልም ቀስ ብላ መጣች፤ ልጅቱን ይዛ ተመልሳ ጉም ውስጥ ገባች። ጋሽ ደምሴ እጁን እያውለበለበ፣

"ድምፅ ስሰጥ ፊት ለፊቴ የሚቆም ሰው አለ እንዴ?" አለኝ።

"የለም፣ ብቻህን ነህ።"

"እንግዲያው ለአውቶቡሷ ነው።"

አውቶቡሷ ከሄደች ቆይታለች፤ እጁ ግን ገና አልወረደም።